ቶርኖን በእጅ ማዞር፦ የስፒንድል እጀታ አሠራር

የውሃ ፓምፕ ዘንግ ነበር። ባለቤቱ የተበላውን አሮጌ ዘንግ በፌስታል ጠቅልሎ አመጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ልክ እንደዚህ» አለኝ። ሌላ ነገር አልጨመረም። ጫፉ ላይ ኤም 24፣ ማለት 24 ሚሊ ስፋት ያለው የብሎን ጥርስ አለው። የጥርሱ እርምጃ 1.5 ሚሊ፣ ርዝመቱ 18 ሚሊ ነው። ጥርሱ ሲያልቅ 3 ሚሊ ስፋት ያላት ጎድጓዳ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ትከሻው፣ ዘንጉ በድንገት የሚሰፋበት ቦታ፣ ቆሟል።

ቶርኖዬን፣ ብረት እያዞረ የሚቆርጠውን ማሽን፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ አደረግሁት፤ በደቂቃ 100 ዙር አካባቢ። ቀርፋፋ ይመስላል። እስቲ አስሉት። መቁረጫው በየዙሩ 1.5 ሚሊ ከሄደ በሰከንድ 2.5 ሚሊ ይጓዛል። ያቺን 3 ሚሊ ጎድጓዳ በ1.2 ሰከንድ ያልፋታል ማለት ነው። መቁረጫውን ወደ ኋላ የምስበው በዚህች ጊዜ ውስጥ ነው። አምስት ጊዜ ተሳካልኝ። በስድስተኛው አንድ ሰው በር ላይ ሆኖ «አለህ?» አለኝ። ቀና አልኩ። ጓ! መቁረጫው ትከሻውን ገጨው። ጫፉ ተሰበረ፣ ዘንጉም ከጥቅም ውጭ ሆነ።

በማግስቱ ሌላ ሥራ አልነካሁም። ይህን እጀታ ስሠራ ዋልኩ።

የድሮ መኪና ከፊት በኩል ብረት እየተሰካበት በእጅ ሲነሳ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። እዚህም እንደዚያው ነው። ስፒንድል የሚባለው የሚሠራውን ብረት የሚያዞረው ባለቀዳዳ የማሽኑ ዘንግ ነው። ከስፒንድሉ ጀርባ፣ በቀዳዳው በኩል፣ አንድ እጀታ ይሰካና ሞተሩ ጠፍቶ ቶርኖው በእጅ ይዞራል። የጥርስ ማውጫ ማርሾቹ እንደተገጠሙ ናቸው፤ መቁረጫውን የተሸከመው ሰረገላ እንደ ወትሮው ይጓዛል። የሚለየው አንድ ነገር ነው። የፈለጋችሁበት ቦታ ላይ፣ ሩብ ዙር ሳይተርፍ፣ ትቆማላችሁ። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። እኔ መብራት በሌለበት ጥርስ አውጥቼ ጨርሼ አውቃለሁ፤ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ከመቀመጥ ይሻላል።

አራት ክፍሎች አሉት። ስፒንድሉ ውስጥ የሚገባውን ግንድ እለዋለሁ። የግንዱ ጫፍ አራት ቦታ ተሰንጥቋል። በዚያ ጫፍ ሾጣጣ ውታፍ ይገባል። ውታፉ በረጅም ብሎን ወደ ውስጥ ሲሳብ የተሰነጠቀውን ጫፍ ይከፍተዋል፤ ግንዱም ስፒንድሉን ከውስጥ ጨምድዶ ይይዛል። ከውጭ በኩል ክንድ አለ። ክንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ የምትይዙት መያዣ።

መጀመሪያ ልኩን ውሰዱ

የቶርኖውን ሶኬት ንቀሉ። ይህን ዛሬ ብዙ ጊዜ ትሰሙታላችሁ።

በስፒንድሉ ጀርባ በኩል የቀዳዳውን ስፋት በካሊፐር ለኩ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ካሊፐሩን ሩብ ዙር እያዞራችሁ ሦስት አራት ጊዜ። አፉ ላይ ስል የብረት ጠርዝ ካለ በብርጭቆ ወረቀት አንሱት፤ አለበለዚያ ልኩ ያታልላችኋል። የእኔ ቶርኖ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ማሽን ሲሆን ቀዳዳው 20 ሚሊ ነው። ከዚህ በታች ያለው ልክ ሁሉ ለእሱ የወጣ ነው። የእናንተ ከተለየ ዋናው ሕግ ይኸው ነው፦ ግንዱ ከቀዳዳው 0.1 ሚሊ ይነስ፤ የውታፉ ትልቅ ጫፍ ደግሞ 1 ሚሊ ይነስ።

ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ከስፒንድሉ መሀል እስከ ጠረጴዛው ስንት ነው? የክንዱን ርዝመት የሚወስነው ይህ ነው። ሲዞር ጣታችሁ ከጠረጴዛው ጋር መጋጨት የለበትም። ሁለተኛ፣ የማርሾቹ ሽፋን ከስፒንድሉ ጫፍ ምን ያህል ይወጣል? ክንዱ ከሽፋኑ ቢያንስ 5 ሚሊ መራቅ አለበት። የእኔ ሽፋን በስፒንድሉ ትክክል ቀዳዳ አለው፤ ሳልከፍተው እጀታው ይገባል። የእናንተ ከሌለው ሽፋኑን ቀዳዳ አውጡለት። «ከፍቼ እሠራለሁ» አትበሉ። በእጅ የሚዞር ማርሽም ጣት ይበላል።

ብረቱ

ለግንዱ 32 ሚሊ ክብ ብረት፣ 145 ሚሊ ርዝመት ይበቃል። ተራ ለስላሳ ብረት ይሁን። አዲስ አበባ ያላችሁ ምናለሽ ተራ ብትሄዱ ቁርጥራጩን ታገኙታላችሁ። ግን ሻጩ «ይሄ የማይሰበር ነው» ብሎ የመኪና አክስል ቢያሳያችሁ እለፉት። አክስል ላዩ ጠንክሮ የተሠራ ነው፤ መጋዙን አጥፍቶ እናንተንም ያበሳጫችኋል። ፌሮም አይሆንም። ከመግዛታችሁ በፊት ሞረድ ያዙና ጫፉን አንዴ ፋቅ አድርጉት። ሞረዱ ከነከሰ ውሰዱት፤ ከተንሸራተተ ተዉት። አሜሪካ ያላችሁ 1018 የሚባለውን ብትጠይቁ ያው ነው።

እኔ ግን ብረት ፍለጋ አልወጣሁም። ያ የተበላሸው ዘንግ አካሉ 32 ሚሊ ነበር።

ለክንዱ 30 በ10 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት፣ 190 ሚሊ ርዝመት። ለውታፉ 20 ሚሊ ክብ ብረት፣ ሦስት ሳንቲሜትር ታህል። 170 ሚሊ ርዝመት ያለው ኤም 8 ባለጥርስ ዘንግ፣ ከነዳዶውና ሰፊ፣ ወፍራም ሮንዴላው። አንድ ኤም 5 ራስ የሌለው፣ በብሩጎላ የሚጠብቅ ብሎን። ለመያዣው ዘንግ 14 ሚሊ ክብ ብረት። ለመያዣው እንጨት።

ከክንዱ ጀምሩ

ሰው ሁሉ ከግንዱ መጀመር ይፈልጋል፤ እሱ ነዋ ደስ የሚለው። ግን ክንዱ ይቅደም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በ20 ሚሊ ፑንታ የተበሳ ቀዳዳ በትክክል 20 ሆኖ አይወጣም፤ ትንሽ ይሰፋል። ቀዳዳን ከማጥበብ ደግሞ ዘንግን ለቀዳዳው ልክ አድርጎ ማውጣት ይቀላል።

በጠፍጣፋው ብረት ላይ ከአንዱ ጫፍ 55 ሚሊ ገባ ብላችሁ መሀሉን ምልክት አድርጉ። የግንዱ ቀዳዳ እዚህ ነው። ከእሱ 120 ሚሊ ርቃችሁ ደግሞ የመያዣውን ቀዳዳ ምልክት አድርጉ። የግንዱን ቀዳዳ በትራፓኖ መጀመሪያ 5፣ ቀጥሎ 10፣ በመጨረሻም 20 አድርጋችሁ ብሱት። ብረቱን በሞርሳ እሰሩት። በእጅ ይዞ 20 ሚሊ መብሳት የሚያስከትለውን አንዴ ያየ ሰው አይደግመውም። የመያዣው ቀዳዳ 8 ሚሊ ነው። ጠርዞቹን ሁሉ በሞረድ አለስልሱ።

ያ በሌላ በኩል የቀረው 55 ሚሊ ትርፍ አይደለም። የክንዱና የመያዣው ክብደት በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ እጃችሁን ስታነሱ ስፒንድሉ በራሱ ይዞርና መያዣው ወደ ታች ይወርዳል። ጥርስ ላይ እያላችሁ እንዲህ ከሆነ መቁረጫው ብረቱን ይነክሳል። ያ ጭራ ሚዛኑን ይጠብቃል። ሙሉ በሙሉ ባይሆንም በቂ ነው።

ግንዱ

ብረቱን በማንድሪኖ (ስፒንድሉ ላይ ባለው ባለመንጋጋ መያዣ) እሰሩና ፊቱን አስተካክሉ። በዚህ ጫፍ 9.5 ሚሊ ርዝመት አጥባችሁ ለክንዱ ቀዳዳ ልክ አውጡት። 9.5 ያልኩት አውቄ ነው። ክንዱ 10 ሚሊ ውፍረት አለው፤ ያቺ ግማሽ ሚሊ በኋላ ሮንዴላው ክንዱን ራሱን እንዲጫን ታደርጋለች። ክንዱ በመዶሻ እንጨት እጄታ ትንሽ ተመትቶ የሚገባ ከሆነ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ያለውን 30 ሚሊ ያህል ቦታ 30 ሚሊ ስፋት እስኪሆን በስሱ አንሱት፤ ይህ የግንዱ ቀለበት ነው። ከዚያ መሀሉን በ8.5 ፑንታ 70 ሚሊ ጥልቀት ብሱ። የተለመደው 8.5 ፑንታ ጠመዝማዛው 75 ሚሊ ብቻ ስለሆነ ከሁለቱም ጫፍ ካልሆነ አይደርስም። በየ10 ሚሊው እያወጣችሁ ፍቅፋቂውን ጥረጉ፤ ዘይት ጠብ አድርጉ።

አሁን ገልብጡት። ቀለበቱን በማንድሪኖው ያዙ። ጠቅላላ ርዝመቱ 140 እስኪሆን ፊቱን ቁረጡ። የማዕከል ቀዳዳ አውጡና በቴልስቶክ (ከማንድሪኖው ፊት ለፊት በሌላው ጫፍ ባለው ድጋፍ) ደግፉት። ከዚያ 105 ሚሊ ርዝመቱን ሁሉ 19.9 ሚሊ እስኪሆን አውጡት። ቀለበቱ 25.5 ሚሊ ሆኖ ይቀራል። የመጨረሻዋን 0.3 ሚሊ በሁለት ጊዜ በስሱ ውሰዱ፤ በየጊዜው በሁለቱም ጫፍ ለኩ። አንዱ ጫፍ ከሌላው 0.05 ቢበልጥ አትጨነቁ። 0.2 ከበለጠ ግን ቴልስቶካችሁ ከመስመር ወጥቷል፤ እሱን ሳታስተካክሉ አትቀጥሉ።

ቴልስቶኩን አንሱ። በ8.5 ብሱና ከበፊቱ ቀዳዳ ጋር አገናኙት። ቀጥሎ 13 ሚሊ ፑንታ፣ 50 ሚሊ ጥልቀት። ይህ ጫፉን ሳሳ ያደርገዋል፤ ያኔ ሲከፈት ይታዘዛል።

አሁን የሾጣጣው ጊዜ ነው። የላይኛውን ስላይድ፣ መቁረጫው የሚታሰርበትን፣ 10 ዲግሪ አዙሩና እሰሩት። የቀዳዳው አፍ ሰፊ፣ ውስጡ ጠባብ እንዲሆን ነው የምትፈልጉት። በውስጥ መቁረጫ በየጊዜው ከ0.2 ሚሊ ሳትበልጡ፣ አፉ 17 ሚሊ እስኪደርስ ቁረጡ። ግንዱ ረጅም ሆኖ ስለወጣ ሊያንጫጫ ይችላል። ካንጫጫ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ መቁረጫውን ሳሉ፤ ቁርጡን ማብዛት አያድነውም።

ለምን 10 ዲግሪ? ከዚያ በጣም ካነሰ ውታፉ ተጣብቆ ይቀራል፤ ስትፈቱትም አይወጣም። ስፒንድል ውስጥ የተቀረቀረ ብረት መዶሻ ይጠይቃል፣ መዶሻ ደግሞ ኩሽኔታ ይገድላል። በጣም ከበዛ ደግሞ ብሎኑን ብታስጨንቁት እንኳ በደንብ አይከፍትም። በ10 ዲግሪ ውታፉ 0.57 ሚሊ ሲሳብ የግንዱ ጫፍ 0.2 ሚሊ ይሰፋል። የኤም 8 ጥርስ እርምጃው 1.25 ሚሊ ነው። ስለዚህ ክፍተቱ ከተዘጋ በኋላ ግማሽ ዙር ሳይሞላ ጥብቅ ይላል።

የላይኛውን ስላይድ ካለበት አትንኩት። ቀጥሎ ትፈልጉታላችሁ።

ውታፉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውስጡን በ10 ዲግሪ አውጥቶ፣ ስላይዱን በሌላ አቅጣጫ አዙሮ፣ «10 ነው» ብሎ ውታፉን ያወጣል። በትንሽ ማሽን ላይ ያለው የዲግሪ ምልክት ግን የሚታመን አይደለም። ሁለቱ ግማሽ ዲግሪ ከተለያዩ ውታፉ በጠርዙ ብቻ ይነካል፤ ብዙም ሳይቆይ ይላላል።

መፍትሔው ስላይዱን ሳያዙሩ ማውጣት ነው። 20 ሚሊውን ክብ ብረት 20 ሚሊ ርዝመት ቁረጡ። መሀሉን በ6.8 ብሱና የኤም 8 ማስኪዮ (የውስጥ ጥርስ ማውጫ) አስገቡበት። ከዚያ ቁራጭ ኤም 8 ባለጥርስ ዘንግ በማንድሪኖ ያዙ። ዳዶ አስገቡ፣ ውታፉን አስከትላችሁ ጠምዝዙ፣ ዳዶውን ከኋላው አጥብቃችሁ ቆልፉ። አሁን የውጭውን ፊት 19 ሚሊ ስፋት አድርጉና በዚያው ባልተነካ ስላይድ ሾጣጣውን ቁረጡ። ትልቁ ጫፍ ወደ ቴልስቶክ፣ ትንሹ ወደ ማንድሪኖ ይሆናል። ትንሹ ጫፍ 12 ሚሊ ገደማ ሆኖ ይወጣል።

ልክ መሆኑን ለማየት ውታፉን በእስክሪብቶ ቀለም ወይም በእርሳስ ዳር እስከ ዳር መስመር አስምሩበት። ግንዱ አፍ ውስጥ አስገብታችሁ ሩብ ዙር አዙሩት። መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ከተፋቀ ገጥሟል። የኔ በመጀመሪያው ገጠመ፤ ኩራት አይደለም፣ ስላይዱን ስላልነካሁት ነው።

ስንጥቁ

ከግንዱ ጫፍ 40 ሚሊ ገባ ብላችሁ በ5 ሚሊ ፑንታ ከዳር እስከ ዳር ብሱ። ሩብ ዙር አዙሩና በዚያው ርቀት ድገሙት። አራት ቀዳዳ ይወጣል። እነዚህ ስንጥቁ የሚያልቅባቸው ናቸው፤ ከሌሉ ብረቱ ከስንጥቁ ጫፍ ጀምሮ እየተሰነጠቀ ይሄዳል። ፑንታው መሀል ያለው ባዶ ውስጥ ገብቶ ማዶውን ሲነካ ሊንሸራተት ስለሚችል ቀስ በሉ።

ለመሰንጠቅ ሴጌቶ ያስፈልጋል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ሁለት የሴጌቶ መጋዝ ጎን ለጎን አንድ ላይ እሰሩ። አንዱ ብቻ ቀጭን ስንጥቅ ያወጣል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 2 ሚሊ የሚጠጋ ስፋት ይሰጧችኋል። ያ ስፋት ያስፈልገናል። ግንዱን በሞርሳ እሰሩ፤ በሞርሳው ጥርስ እንዳይቆረፍድ በአሉሚኒየም ላሜራ ጠቅልሉት። ከጫፉ እስከ ቀዳዳዎቹ ድረስ መሀሉን ይዛችሁ ቁረጡ። አዙራችሁ ድገሙ። እጅ ያደክማል። ቡና አፍሉ፣ ተመለሱ።

ሲያልቅ የስንጥቁን ጠርዞች ከውስጥም ከውጭም በትንሽ ሞረድ አጽዱ። ይህን አትዝለሉት፤ ስል ጠርዝ የስፒንድሉን ውስጥ ይጭራል።

አሁን ውታፉ ላይ፣ ከትልቁ ጫፍ 8 ሚሊ ገባ ብሎ፣ ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ ብሱና 2 ሚሊ ሚስማር ቁራጭ መትታችሁ አስገቡ። ወደ ውጭ 1.5 ሚሊ ብቅ ትበል። ከስንጥቁ ጋር ካልገጠመች በሞረድ አሳሷት። ይህች ሚስማር ከአራቱ ስንጥቆች በአንዱ ውስጥ ትገባለች፤ ብሎኑን ስታጠብቁ ውታፉ አብሮ እንዳይዞር የምታደርገው እሷ ናት። እኔ መጀመሪያ ያለ ሚስማር ሠርቼው ዳዶውን ሳዞር ውታፉም እየዞረ ሲስቅብኝ ዋለ።

ማገጣጠም

ክንዱን በግንዱ ጫፍ ላይ አስገቡ። መበየድ ይቻላል፤ እኔ ግን አልበየድኩም። ይልቁንም ክንዱና ግንዱ የሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ወደ ረጅሙ የክንዱ ወገን፣ ነጥብ ምቱ። በ4.2 ፑንታ 9 ሚሊ ጥልቀት ብሱ። ቀዳዳው ግማሹ ግንዱ ላይ፣ ግማሹ ክንዱ ላይ ያርፋል። የኤም 5 ማስኪዮ አስገቡና ራስ የሌለውን ብሎን ጠምዝዙበት። ክንዱ ከእንግዲህ በግንዱ ላይ አይዞርም። ለወደፊት ሌላ ርዝመት ያለው ክንድ ከፈለጋችሁም ፈትታችሁ ትቀይራላችሁ። ሁለቱ ብረቶች አንድ ዓይነት ጥንካሬ ሊኖራቸው ይገባል። አንዱ ጠንካራ ከሆነ ፑንታው ወደ ለስላሳው ይሸሻል።

ረጅሙን ኤም 8 ዘንግ ውታፉ ላይ እስከ ዳር ጠምዝዙና ጫፉን በመዶሻ ቀጥቅጡት፤ እንዳይፈታ። በግንዱ ውስጥ አሳልፉት። ከውጭ ሮንዴላውንና ዳዶውን አስገቡ። በ13 ቁልፍ ይጠብቃል።

የመያዣውን ዘንግ ከ14 ሚሊ ብረት አውጡ። አካሉ 10 ሚሊ ስፋት፣ 81 ሚሊ ርዝመት። በአንድ ጫፍ 14 ሚሊ ራስ ይቅርለት። በሌላው ጫፍ በክንዱ የሚያልፍ ኤም 8 ጥርስ፤ ከጀርባ በዳዶ ይጠብቃል። መያዣው ራሱ 80 ሚሊ ርዝመት ሆኖ በ10.2 ይበሳል። ያቺ 1 ሚሊ ልዩነት መያዣው በዘንጉ ላይ በነፃ እንዲዞር ነው። የማይዞር መያዣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መዳፍ ይልጣል። እንጨቱን እኔ ከወይራ አወጣሁት። ጠንካራ ነው፤ በዚያው ቶርኖ ላይ ያለ ችግር ይወጣል፤ ሽታውም ቀኑን ሙሉ ቤቱን ሞልቶት ዋለ።

ሶኬቱ

እጀታው ተሰክቶ ሞተሩ ከተነሳ ክንዱ ዱላ ነው። 120 ሚሊ ርዝመት ያለው ብረት በደቂቃ ብዙ መቶ ዙር ሲዞር ማንም አያስቆመውም። ማብሪያውን ማጥፋት አይበቃም፤ ክርናችሁ ሊነካው ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሳለ የምትሠሩ ከሆነማ ይባስ፤ ሳታስቡት ይመጣል።

የእኔ ደንብ ይህ ነው። እጀታው የሚሰቀለው ግድግዳው ላይ ሶኬቱ አጠገብ ባለ ሚስማር ነው። እጀታውን ሳነሳ የነቀልኩትን የቶርኖውን መሰኪያ በዚያው ሚስማር ላይ በክር እሰቅላለሁ። መልሼ ለመሰካት ሚስማሩን ማየት አለብኝ። ሚስማሩ ላይ እጀታው ከሌለ ቶርኖው ላይ ነው ማለት ነው።

አጠቃቀሙ

እጀታውን ከማስገባታችሁ በፊት ችንጋውን አላሉት፤ ወይም ማርሹን ነፃ ቦታ ላይ አድርጉት። ሞተሩን ጭምር ማዞር ትርፍ ድካም ነው። ግንዱን ቀለበቱ ስፒንድሉን እስኪነካ ግፉ። ዳዶውን አጥብቁ። ከልክ በላይ አታስጨንቁት፤ በእጅ ሲዞር ካልተንሸራተተ በቂ ነው። ለማውጣት ዳዶውን ሁለት ዙር አላሉና የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ እንጨት እጄታ መታ አድርጉት። ይለቃል።

የፓምፑን ዘንግ ድጋሚ ስሠራ የሄድኩበት መንገድ እንዲህ ነው። የኔ ቶርኖ ሰረገላውን የሚጎትተው ባለጥርስ ዘንግ እርምጃው 1.5 ሚሊ ነው። ጥርሱም 1.5 ስለሆነ ማርሾቹን አንድ ለአንድ አደረግሁ። (አሜሪካ የሚሸጠው ተመሳሳይ ማሽን በኢንች 16 ጥርስ ነው፤ እዚያ ያላችሁ የማርሽ ሰንጠረዡን ተመልከቱ። ሚሊ ጥርስ ስታወጡም ሰረገላውን ከዘንጉ የሚያያይዘውን ማንሻ ሥራው እስኪያልቅ በፍጹም አታላቁ፤ ካላቀቃችሁ መቁረጫው ወደ ቦታው አይመለስም።)

የጥርሱ ጥልቀት የእርምጃው 0.613 እጥፍ ነው፤ ለ1.5 ሚሊ 0.92 ይሆናል። ሁለት ጊዜ 0.15፣ አራት ጊዜ 0.10፣ አራት ጊዜ 0.05፣ አንድ ጊዜ 0.02 ቆረጥኩ። በመጨረሻ ምንም ሳልጨምር አንድ ጊዜ ደገምኩት። 12 ጉዞ ነው። የማንድሪኖው አናት ወደ እኔ እየመጣ አዞራለሁ፤ በግራ እጄ እጀታውን፣ በቀኜ መቁረጫውን የሚያስገባውንና የሚያወጣውን የመስቀለኛውን ስላይድ ይዤ። መቁረጫው ጎድጓዳዋ ውስጥ ሲገባ በእጅ ይታወቃል። የሚጎትተው ነገር በድንገት ይቀላል። እዚያ ላይ አቆማለሁ። መቁረጫውን ወደ ኋላ እስባለሁ። ከዚያ እጀታውን ወደ ኋላ እያዞርኩ እመለሳለሁ። ሳትስቡ ወደ ኋላ እንዳታዞሩ። በማርሾቹ መካከል ያለው ላላነት መቁረጫውን ከመስመሩ ያስወጣዋል፤ ጥርሱን ይጨርሰዋል።

በየጉዞው 14 ዙር ወደፊት፣ 14 ወደ ኋላ። 336 ዙር። ብዙ ይመስላል፤ ከሩብ ሰዓት አይዘልም። ትከሻ የተገጨ ዘንግ እንደገና ከመሥራት ጋር ስታወዳድሩት ምንም አይደለም። ዘይት በብሩሽ እየቀባችሁ ሥሩ። በዝግታ ሲቆረጥ ለስላሳ ብረት መቧጠጥ ይወዳል።

ማንድሪኖው በስፒንድሉ ላይ በጥርስ የሚጠመዘዝ ዓይነት ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ወደ ኋላ ስታዞሩ ጭነት ካለበት ሊፈታ ይችላል። መቁረጫው ሙሉ በሙሉ መሳቡን እያያችሁ፣ ሳትነጥቁ አዙሩ። በብሎን የሚታሰር ማንድሪኖ ይህ ችግር የለበትም።

ስፕሪንግ መጠቅለልም በዚሁ ያምራል። ዘንግ በማንድሪኖ ይታሰራል፣ የሽቦው ጫፍ በመንጋጋው ይያዛል፣ ሽቦው በመቁረጫ መያዣው ላይ በተጨመቁ ሁለት እንጨቶች መሀል እየተንሸራተተ ይሄዳል። ማርሾቹ ርቀቱን ይጠብቁላችኋል። ስፕሪንጉ ሲለቀቅ ስለሚሰፋ የምትጠቀልሉበት ዘንግ ከምትፈልጉት ውስጥ ስፋት ማነስ አለበት፤ በምን ያህል የሚለውን በአጭር ሽቦ ሞክራችሁ እዩ። ሲያልቅ እጀታውን ድንገት አትልቀቁት። ሽቦው የተጠራቀመ ኃይል አለው፤ እጀታውን መልሶ ያስፈነጥረዋል። ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ መልሱት።

ባለአራት መንጋጋ ማንድሪኖ ላይ ሥራ መሀል ስታስገቡም ያግዛል። ዳያል ጌጁን እያያችሁ ስፒንድሉን በእጀታው ታዞራላችሁ፤ ማንድሪኖውን በእጅ እየጎተቱ መርፌውን ማናወጥ ቀረ። አንድ የማይሠራበት ቦታ አለ። በስፒንድሉ ቀዳዳ ውስጥ የሚያልፍ ረጅም ብረት ካሰራችሁ ለእጀታው ቦታ የለም።

ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ዳዶውን ከኪሱ አውጥቶ ዘንጉ ላይ በጣቱ አዞረው፤ እስከ ጎድጓዳዋ ሄዶ ቆመ። መልሶ ፈታው፣ እንደገና አዞረው። የአንድ ዘንግ ዋጋ ከፈለኝና ሄደ። የመጀመሪያው ብረት የት እንደደረሰ አልጠየቀም። ግድግዳው ላይ፣ ከፊቱ ተሰቅሎ ነበር።